ልክ ጠባቂው ንዑስ አንጎል

ይህን ገጽ በእጃችሁ እንደያዛችሁ ራሳችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቶሎ ቶሎ እየነቀነቃችሁ ማንበባችሁን ቀጥሉ። ፊደሉ አይጠፋባችሁም። አሁን ደግሞ ራሳችሁን አቁማችሁ ገጹን በዚያው ፍጥነት አወዛውዙት። ፊደላቱ ይደበዝዛሉ፤ ማንበብ ይቸግራችኋል። ራስ ሲነቃነቅ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል እንቅስቃሴውን ወዲያው ለግንደ አንጎል ይነግራል፤ ግንደ አንጎልም ዓይንን በዚያው መጠን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ያዞራል። መጠኑ ልክ መሆን አለመሆኑን እየተከታተለ የሚያርመው ግን ሌላ ነው። እርሱም ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ በራስ ቅል የኋላ ግርጌ የተቀመጠው ንዑስ አንጎል ነው። አዲስ መነጽር ያደረገ ሰው መጀመሪያ ወለሉ ይዋልልበታል፤ ደረጃ ሲወርድ እግሩ ያመነታል። ቀናት ሲያልፉ ነገሩ ሁሉ ይረጋል። መነጽሩ ያው መነጽር ነው፤ ልኩን ያረመው ንዑስ አንጎል ነው።

ስለ አንጎል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ትልቁ አንጎል ነው። ማሰቡም፣ ማስታወሱም፣ መናገሩም፣ መወሰኑም ለእርሱ ይሰጣል። ሐኪሞች ሴሬቤለም ለሚሉት ለንዑስ አንጎል የምትደርሰው «የሰውነትን ሚዛን ይጠብቃል» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ናት። ፊዚዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህችን መስመር አስምረውባት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ሊሻገሩ ሲሉ አስቆማቸው ነበር። መጻፍ፣ መናገር፣ መዋጥ፣ ኳስ መቅለብ፣ መርፌ መስካት፣ እስክስታ መምታት ሁሉ ያለ እርሱ ይበላሻሉ። ይህን ሁሉ «ሚዛን» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

መሠረቱን በአጭሩ ላስቀምጥ። የአዋቂ ሰው አንጎል ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ሲያርፍ ከሚያወጣው ኃይል 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ከአንጎል 12 ጥንድ፣ ከህብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። መልእክት በአንዱ የነርቭ ሴል ውስጥ በኤሌክትሪክ ይሮጣል፤ ወደሚቀጥለው ሴል የሚሻገረው በአብዛኛው በኬሚካል ነው። ሰው ከአንጎሉ 10 በመቶውን ብቻ ይጠቀማል የሚባለው ደግሞ ሐሰት ነው፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ የአንጎል ክፍል የለም። የቀረውን የትምህርት ቤት መጻሕፍት በደንብ ያስረዳሉ።

እነዚያ መጻሕፍት እምብዛም የማይሉት ይህን ነው። ብራዚላዊቷ ሳይንቲስት ሱዛና ኸርኩላኖ ሁዜልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የሰውን አንጎል የነርቭ ሴሎች በአዲስ ዘዴ ቆጠሩ። ድምሩ 86 ቢሊዮን ገደማ ሆነ። ከዚህ ውስጥ የምናስብበት ነው የሚባለው የትልቁ አንጎል ቅርፊት የያዘው 16 ቢሊዮን ያህሉን ብቻ ነው። 69 ቢሊዮኑ የተገኘው 150 ግራም ገደማ በሚመዝነው ንዑስ አንጎል ውስጥ ነው። ከአምስት የነርቭ ሴሎቻችን አራቱ እዚያ ናቸው ማለት ነው። እርግጥ አብዛኞቹ ግራንዩል የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ሴሎች ናቸው፤ ቢሆንም ተፈጥሮ ይህን ያህል ሴል የሰጠችውን ክፍል እንደ ጭራ መቁጠር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የንዑስ አንጎል እጥፋቶች ቢዘረጉ ስፋታቸው ከትልቁ አንጎል ቅርፊት 80 በመቶ ያህል እንደሚሆን አሳይቷል። ያን ሁሉ ስፋት በጡጫ በሚያህል ቦታ አጣጥፎ ይዞታል።

አሁን ወደምወደው ሴል ልምጣ። ቼካዊው ሊቅ ያን ፑርኪኜ እ.ኤ.አ. በ1837 ስላቀረበው የፑርኪኜ ሴል ይባላል። በኋላ ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል በማይክሮስኮፕ እያየ በእጁ ሣለው፤ ሥዕሎቹን ያየ ሰው ሴል ነው ብሎ ለማመን ይከብደዋል። ቅርንጫፉ የበዛ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ጠፍጣፋ ነው። ከግራንዩል ሴሎች የሚነሱት ቀጫጭን ክሮች የእነዚህን ጠፍጣፋ ዛፎች ረድፍ እንደ ሸማ ድርና ማግ እያቋረጡ ያልፋሉ። አንድ የፑርኪኜ ሴል ከ100,000 በላይ ከሆኑ እንዲህ ካሉ ክሮች መልእክት ይቀበላል። እግሬ የት ነው፣ ክንዴ ምን ያህል ታጥፏል፣ ትልቁ አንጎል አሁን ምን አዘዘ፣ ራሴ ወዴት ዘንበል ብሏል፤ ሁሉም ወሬ በዚያ ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ከሌላ ስፍራ የሚመጣና ግንዱ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ አንድ ክር አለ። በአዋቂ ሰው ለአንድ የፑርኪኜ ሴል አንድ ብቻ ነው። ይህ ክር መልእክት ሲያደርስ ሴሉ በሙሉ ይናጣል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ማር እ.ኤ.አ. በ1969፣ አሜሪካዊው ጄምስ አልበስ በ1971 ይህ ብቸኛ ክር አስተማሪ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ጃፓናዊው ማሳኦ ኢቶና ባልደረቦቹ ደግሞ በሙከራ ተከታተሉት። በዚህ ሐሳብ መሠረት ክሩ የሚያመጣው የስህተት ወሬ ነው። «ያሰብከውና የሆነው አልገጠሙም» ይላል። በዚያች ቅጽበት ሥራ ላይ የነበሩት ቀጫጭን ክሮች ከሴሉ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይዳከማል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ስህተት ይቀንሳል። ዛሬም በዝርዝሩ ላይ ክርክር አለ፤ ንዑስ አንጎል ከስህተት የሚማር አካል መሆኑ ግን በብዙ መንገድ ታይቷል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለው። የፑርኪኜ ሴል የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ማገድ ብቻ ነው። አንድም ጊዜ «አድርግ» አይልም፤ «ተው»፣ «ቀንስ»፣ «አሁን አቁም» ይላል እንጂ። ይህን ያሳየውም ኢቶ ነው። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻ የሚያምረው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በልኩ ስለሚቆም ነው። የሚስበው ጡንቻ ሥራውን ሳይጨርስ የሚያቆመው ተቃራኒ ጡንቻ በሰዓቱ መነሳት አለበት። በሴኮንድ ክፍልፋይ ቢዘገይ ትከሻው ከልኩ ያልፋል፤ ጭፈራው መንቀጥቀጥ ይሆናል።

አክስቴ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጬ ማየት እወዳለሁ። ሊጡን ከምጣዱ ጠርዝ ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል ታፈሳለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ፣ ጨዋታዋ ጎረቤት ላይ ነው። ምጣዱ ላይ ግን ክፍተት የለም፣ የወፈረ ቦታም የለም። ማሰሮው እየቀለለ ሲሄድ የክንዷ ኃይል አብሮ ይቀንሳል። «እጄ ለምዶት ነው እንጂ ምን ሙያ አለው!» ትለኛለች። እኔም በአክብሮት እከራከራታለሁ። እጅ አጥንት፣ ጡንቻና ቆዳ ነው፤ የለመደው ከማጅራቷ በላይ ያለው ነው። ልጅ ሳለች የጋገረቻቸው የተቀደዱና የተንጋደዱ እንጀራዎች አንድ በአንድ ለዚያ የስህተት ክር ትምህርት ነበሩ። ስለዚህ ልምምድ ላይ ያለን ልጅ በእያንዳንዱ ስህተት የሚቆጡ ወላጆችና የሙዚቃ አስተማሪዎች ልብ ይበሉ። ልጁ ክራሩን ሲስት ንዑስ አንጎሉ ሥራ ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው ደግሞ መሞከር ነው።

ንዑስ አንጎል የሆነውን ከማረም አልፎ የሚሆነውን ይተነብያል። ሙሉ መስሎን ያነሳነው ጀሪካን ባዶ ሲሆን ክንዳችን ወደ ላይ የሚስፈነጠረው ለዚህ ነው። ከእጅ የተነሳ ስሜት አንጎል ደርሶ ትእዛዝ ሆኖ እስኪመለስ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ለፈጣን እንቅስቃሴ ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ ክብደቱ አስቀድሞ ይገመታል፣ ኃይሉም አስቀድሞ ይላካል። ራሳችንን መኮርኮር የማንችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ውስጥ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው የገዛ እጃችን የሚያመጣውን ስሜት አስቀድሞ በመተንበይ በኩል ንዑስ አንጎል ድርሻ አለው፤ አስቀድሞ የታወቀ ንክኪ ደግሞ አይኮረኩርም።

የንዑስ አንጎልን ሥራ በጉዳቱ በኩል የገለጡት የቀድሞዎቹ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳዊው ፒየር ፍሉራንስ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ከርግቦች ላይ ሲያወጣው ርግቦቹ ሽባ አልሆኑም፤ ማየትና መስማትም አላቆሙም። ያጡት መስማማትን ነበር፤ እግርና ክንፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግን ኅብረት የለውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ሐኪሙ ጎርደን ሆምዝ ጥይት የኋላ ራሳቸውን የመታቸውን ወታደሮች መረመረ። ከታካሚዎቹ አንዱ የደህናው ወገን ክንዱ ሳያስበው እንደሚሠራ፣ የታመመውን ግን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ አስቦ ማዘዝ እንዳለበት ነገረው። ንዑስ አንጎል ለትልቁ አንጎል የሚቀንስለትን ሸክም እንደዚህ ታካሚ የገለጠ የለም። በነገራችን ላይ የትልቁ አንጎል ቀኝ ወገን ግራ እጅን ሲያዝ፣ የንዑስ አንጎል ቀኝ ወገን የሚቆጣጠረው ያንኑ ቀኝ እጅ ነው።

አሁን ዝም ብዬ ላልፈው ወደማልችለው ነገር ልምጣ። ንዑስ አንጎሉ የታመመ ሰው እግሩን አራርቆ ይራመዳል፤ ወደ ጎን ይወላገዳል፤ ንግግሩ ይጎተታል፣ ይቆራረጣል፤ ብርጭቆ ሊያነሳ ሲል እጁ እየተንቀጠቀጠ ከልኩ ያልፋል። ያየው ሁሉ «ሰክሯል» ይላል። እውነት ነው፣ መጠጥ ንዑስ አንጎልን ፈጥኖ ከሚያውኩት ነገሮች አንዱ ነው፤ በብዙ አገር ፖሊስ የጠረጠረውን ሾፌር በመስመር ላይ የሚያስኬደው ለዚህ ነው። ለዓመታት አረቄ ያዘወተረ ሰው ደግሞ ከንዑስ አንጎሉ መካከለኛ ክፍል ሴሎች ሊሞቱበት ይችላሉ፤ የዚያን ጊዜ ሳይጠጣም ይንገዳገዳል። ጠጪዎች ጉበታቸውን ብቻ እየፈሩ ይህን መርሳታቸው ያሳዝነኛል።

ነገር ግን የሚንገዳገድ ሁሉ ጠጪ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ሆስፒታል በር ላይ ጥበቃው አንድ ጎልማሳ ሰው «ሂድ፣ ስካርህ ሲበርድልህ ትመጣለህ» ብሎ ሲመልሰው አየሁ። ሰውየው «ወንድሜ፣ እኔ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም» ይላል፤ ንግግሩ ስለሚጎተት ባስረዳ ቁጥር ጥርጣሬው ይብሳል። የቀጠሮ ካርዱን አውጥቶ እስኪያሳይ በሩ ላይ ቆመ። የሚጥል በሽታ ታካሚ ነበር፤ ሲወስድ የኖረው ፌኒቶይን በደሙ ውስጥ ከልኩ በላይ ሆኖ ንዑስ አንጎሉን እያወከው ነበር። ሐኪሞቹ መጠኑን ካስተካከሉለት በኋላ አረማመዱ ተሻሻለ። ይህን መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ፈርታችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ በድንገት ማቆም ራሱ ብርቱ ጥቃት ሊያመጣ ይችላል። መንገዳገድ ወይም ሁለት ሁለት ማየት ከጀመራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩት። በዘር የሚወረሱ የንዑስ አንጎል ሕመሞችም አሉ፤ ዕጢም አለ፤ ከኢንፌክሽን በኋላ ልጆችን ለጊዜው የሚይዝም አለ። እነዚህ ሰዎች ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጅ ላይ ሳይቀር በማያውቁት መጠጥ ይፈረድባቸዋል። የመጠጥ ሽታ ሳይኖር ስካር የሚፈርድ ሰው ቢያንስ ከመናገሩ በፊት ይጠይቅ።

ስለ ሐሳብና ስሜት ብዙ አልሄድም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ፣ በተለይ ቦስተን ውስጥ በጀርሚ ሽማህማን ሥራ፣ የንዑስ አንጎል ጉዳት በእቅድ፣ በቋንቋና በስሜት ላይም ችግር እንደሚያመጣ ታይቷል። እንቅስቃሴን የሚያርምበትን መንገድ ሐሳብንም ለማረም ይጠቀምበታል የሚለው አስተያየት ያሳምነኛል።

በመጨረሻ አደራ የምለው ስለ ስትሮክ ነው። ስትሮክ ሲባል ሁላችንም የምንጠብቀው የፊት መጣመምና የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ነው። በንዑስ አንጎል ላይ የሚደርሰው ግን ጉልበት ሳይቀንስ ሊመጣ ይችላል። ሰውየው በድንገት ምድር ትዞርበታለች፣ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፣ ሳይደገፍ መቆም ወይም መቀመጥ ያቅተዋል። ቤተሰብ «ጨጓራው ነው»፣ «ብርድ መቶት ነው» ብሎ ያስተኛዋል። ያ ስፍራ ጠባብ ነው፤ የተጎዳው ክፍል ሲያብጥ አጠገቡ ያለውን፣ ትንፋሽን የሚያዘውን ግንደ አንጎል ይጫናል፤ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ለሐኪሙም መቼ እንደጀመረው ንገሩት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆሞ መራመድ እንዳልቻለ ሳትነግሩት አትውጡ፤ አልጋ ላይ ተኝቶ ሲመረመር እጅና እግሩ ደህና ሊመስሉ ይችላሉና።