ሶፍትዌሩ በነፃ ነው፤ ወጪው ያለው መስመሩ ላይ ነው
የቪዲዮ ጌም ቀጥታ ሥርጭት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ገንዘቡን የት ያውል?

ቪዲዮ ጌም ሲጫወቱ ለሌላው በቀጥታ ማሳየት ከመዝናኛነት አልፎ ራሱን የቻለ ገበያ ከሆነ ሰነባብቷል። የዘርፉ ስመ ጥር የሆነው ትዊች ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አማዞን 970 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ የራሱ አድርጎታል። ዩቲዩብና ቲክቶክም በዚሁ ገበያ ተሰልፈዋል። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ከተጫዋቹ ጀርባ ቆሞ ያይ የነበረ ተመልካች፣ ዛሬ በስልኩ ማየት ይችላል።

ይህን ያየ ወጣት ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ገበያ ሲወጣ የሚቀርብለት ዝርዝር ረጅም ነው። ውድ ግራፊክስ ካርድ፣ ካሜራ፣ መብራት፣ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ሶፍትዌር፣ ሌላም ሌላም። ይህን ሁሉ ገዝቶ ሥርጭቱ እየተቆራረጠ ተመልካቹ ከሸሸ ግን ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልግዛ?» ሳይሆን «መስመሬ ምን ያህል ይችላል?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

መስመሩን አስቀድሞ መለካት

በኢንተርኔት ማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚነገረው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የመቀበያው ነው። ሥርጭት የሚፈልገው ደግሞ አፕሎድ የሚባለውን የመላኪያ ፍጥነት ነው። ሁለቱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ልኬቱም መወሰድ ያለበት ለማሰራጨት በታሰበበት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የተለካ መስመር፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ምሽት ያንኑ ፍጥነት ላይሰጥ ይችላል።

ለጥቂት ቀናት ለክቶ ዝቅተኛውን ውጤት መያዝ፣ ከዚያም ላይ 70 በመቶውን ብቻ ለሥርጭት መመደብ ያዋጣል። የቀረው ለጨዋታው ራሱና ለመስመሩ መዋዠቅ መጠባበቂያ ነው። ለአብነት ያህል ዝቅተኛው ልኬት 5 ሜጋቢት ከሆነ፣ ለሥርጭት የሚውለው 3,500 ኪሎቢት ብቻ ነው።

የትኛው ሶፍትዌር?

በኮምፒዩተር ለሚያሰራጭ ሰው ቀዳሚው ምርጫ ኦ.ቢ.ኤስ ስቱዲዮ ነው። የመጀመሪያው ኦ.ቢ.ኤስ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሲሆን፣ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ በምስሉም ላይ የማንንም ምልክት አይለጥፍም። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል።

ስትሪምላብስ ዴስክቶፕ ይህንኑ ኦ.ቢ.ኤስ መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሎጂቴክ የገዛው ይህ ሶፍትዌር የተዘጋጁ ማሳመሪያዎች ስላሉት ለጀማሪ ይቀላል። ሆኖም ማሳመሪያው በበዛ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ይከብደዋል፤ ከአገልግሎቶቹም ከፊሎቹ ወርሃዊ ክፍያ አላቸው። ኤክስስፕሊትም ሙሉ አገልግሎቱን የሚሰጠው ለከፈለ ነው። የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የሚታሰብ ወርሃዊ ክፍያ በብር ሲመነዘር ክብደቱ ጨምሯል። ለምስሉ ጥራት ግን ተጨማሪ አያስገኝም። የምስሉን ጥራት የሚወስኑት መስመሩና የሶፍትዌሩ አስተካከል ናቸው።

ፕሌይስቴሽን 4 ወይም 5 ያለው ሰው ደግሞ መሣሪያው ራሱ ወደ ትዊችና ወደ ዩቲዩብ ስለሚያሰራጭ፣ ለሙከራ ያህል ኮምፒዩተርም አያስፈልገውም።

ዋና ዋናዎቹ ማስተካከያዎች

ቢትሬት የሚባለው በአንድ ሰከንድ የሚላከው የመረጃ መጠን ነው። ቧንቧው ከሚችለው በላይ ውኃ ቢገፉበት እንደማያልፍ ሁሉ፣ መስመሩ ከሚችለው በላይ ቢትሬት ቢመድቡ ሥርጭቱ ይቆራረጣል።

የመላኪያ ፍጥነቱ 2 ሜጋቢት ለሆነ መስመር 480 የምስል መጠን፣ በሰከንድ 30 ፍሬምና 1,200 ኪሎቢት ተመጣጣኝ ነው። 5 ሜጋቢት ላለው 720፣ 30 ፍሬምና 3,000 ኪሎቢት ይሆናል። 9 ሜጋቢትና ከዚያ በላይ ያለው 1080ን በ60 ፍሬምና በ6,000 ኪሎቢት መሞከር ይችላል። የእግር ኳስና የተኩስ ጨዋታዎች እንቅስቃሴያቸው ፈጣን ስለሆነ ቢትሬት ሲያንሳቸው ምስሉ ይፈራርሳል። ቼዝን የመሰለ ጨዋታ ግን በትንሹም ጥርት ብሎ ይታያል።

ኢንኮደር የሚባለው ምስሉን የሚጨምቀው ክፍል ነው። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኤንቬንክ የሚለው ምርጫ ሥራውን ከፕሮሰሰሩ ላይ ያነሳል። ኤ.ኤም.ዲ እና ኢንቴልም የየራሳቸው አላቸው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ኤክስ 264ን መርጦ «ቬሪፋስት» ላይ ማድረግ ነው። በተረፈ ሬት ኮንትሮል ሲ.ቢ.አር፣ ኪይፍሬም 2 ሰከንድ፣ ድምፁ ደግሞ 160 ኪሎቢት ይሁን። መስመሩ 2 ሜጋቢት ከሆነ ድምፁን ወደ 128 ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ትዊች ለትናንሽ ጣቢያዎች ምስሉን በተለያየ መጠን አባዝቶ ለማቅረብ ዋስትና አይሰጥም። በ6,000 ኪሎቢት የተላከውን በስልክ ዳታ የሚያይ ተመልካች ያንኑ 6,000 ለመቀበል ይገደድ ይሆናል። ተመልካቹ የዳታ ጥቅሉን የሚቆጥብ ከሆነ፣ 3,000 የሚልከው ጀማሪ ሊጠቀም ይችላል።

የዳታው ሒሳብ

8 ቢት 1 ባይት ነው። በዚህ ሲሰላ ምስሉ በ3,000፣ ድምፁ በ160 ኪሎቢት የሚሄድ ሥርጭት በሰዓት 1.4 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። በሳምንት ሦስት ምሽት፣ በምሽት ሁለት ሰዓት የሚያሰራጭ ሰው በአራት ሳምንት 34 ጊጋባይት ያህል ይልካል ማለት ነው። በ6,000 የሚያሰራጭ ከሆነ ወጪው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ገደብ የሌለው መደበኛ መስመር ላለው ይህ ላያሳስበው ይችላል። የሞባይል ጥቅል ለሚገዛ ግን ከካሜራው ዋጋ በፊት ሊሰላ የሚገባው ይህ ነው።

ከመክፈት በፊት ሙከራ

ኦ.ቢ.ኤስ መስመሩንና ኮምፒዩተሩን ፈትሾ መነሻ የሚሆን ማስተካከያ የሚያቀርብ መሣሪያ አለው። ከዚያ በኋላ ለራስ ብቻ 30 ደቂቃ ያህል አሰራጭቶ «ስታትስ» የሚለውን መስኮት ማየት ነው።

ሦስት ዓይነት ችግር ሊታይ ይችላል። ፍሬም የሚጠፋው በኔትወርክ ምክንያት ከሆነ ቢትሬቱን መቀነስ፤ በኢንኮዲንግ መዘግየት ከሆነ የምስሉን መጠን ወይም የፍሬሙን ቁጥር ዝቅ ማድረግ፤ በሬንደሪንግ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ራሱ በሰከንድ የሚያወጣውን ፍሬም መገደብ ያስፈልጋል። በሽታውን ሳይለዩ አዲስ ግራፊክስ ካርድ መግዛት፣ ቧንቧው ተደፍኖ ሳለ ታንከር እንደ መቀየር ነው።

ከጥንቃቄ አንጻርም ሁለት ነገር እናስታውስ። ስትሪም ኪይ የሚባለው ቁጥር እንደ ባንክ የምስጢር ቁጥር ነው፤ ለማንም አይታይ። ምስሉንም ከ«ጌም ካፕቸር» እንጂ ከሙሉ ስክሪን አለመውሰድ ይመረጣል። አለበለዚያ የግል መልእክት ሲመጣ ተመልካቹ ሁሉ ያነበዋል።

የወጪው ቅደም ተከተል

እንግዲህ በእጁ ውስን ገንዘብ ያለ ሰው በቅድሚያ የተረጋጋ መስመር ይያዝ፤ ከተቻለም በዋይፋይ ፈንታ በኬብል ያገናኝ። ቀጥሎ ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማ ማይክ ይግዛ፤ ሰው ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፣ የሚጮህ ድምፅ ግን አይታገሥም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለኮምፒዩተሩና ለሞደሙ ዩ.ፒ.ኤስ ሦስተኛው ነው። ካሜራና ማሳመሪያ የመጨረሻዎቹ ይሁኑ።

ገቢው ተመልካች እስኪበራከት የሚዘገይ በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ ገቢ እንደሚያልፉ አስቦ መጀመር ይገባል። በነፃ ሶፍትዌርና በተለካ መስመር የጀመረ ሰው ሥራው ባይሆንለት የሚያጣው ጥቂት ነው። ዕቃ አስቀድሞ የገዛ ግን የሚቀረው ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነው፤ ያውም በገዢው ዋጋ።