ዲጂታል ፒያኖ ሲገዙ ከድምፁ በፊት ቁልፉን ይፈትሹ

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጃቸው ፒያኖ ልማር ሲል የሚያነሱት ጥያቄ ተቀራራቢ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከላይም ከታችም ጎረቤት አለ፤ ገንዘቡም ውስን ነው። እውነተኛ ፒያኖ የሚመስል ነገር በዚህ አቅም ይገኛል?

ይገኛል። ሱቅ ውስጥ ቀድሞ የሚማርክዎ ድምፁ ነው። ልጁን ለዓመታት የሚጠቅመው ወይም የሚያስቸግረው ግን ቁልፉ ነው፤ በጣት የሚጫኑትን ነጭና ጥቁር ማለቴ ነው። ደካማ ድምፅ በኋላ በጥሩ ሄድፎን ወይም በውጭ ስፒከር ይሻሻላል። ደካማ ቁልፍ ግን እንደ ደከመ ይኖራል። ስለዚህ ብርዎን መጀመሪያ ቁልፉ ላይ ያውሉ።

እውነተኛውን ፒያኖ ለምን አልገዛም?

አቅምና ቦታ ካለ ጥሩ ነው። ነገር ግን ውስጡ ወደ 230 የሚጠጉ የብረት ክሮች ተወጥረውበታል። ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ዓይነት እንኳ ብዙ ጊዜ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ደረጃ ለማውጣት ጉልበት፣ ክሮቹን በየጊዜው ለመቃኘት ደግሞ ባለሙያ ይጠይቃል። ማቆሚያ የሌለው ዲጂታል ፒያኖ ከ11 እስከ 15 ኪሎ ቢሆን ነው። ቅኝቱ አይዛባም። ሄድፎን ሲሰኩበትም ድምፁ ከተጫዋቹ ጆሮ አያልፍም።

ቤት ያለው ኪቦርድ አይበቃም?

እንደ ዓላማው ነው። በተለምዶ ኦርጋን የምንለው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ምት አብሮ ይመታል፤ የብዙ መሣሪያ ድምፅም አለው። ልጅዎ ከዘማሪ ቡድን ወይም ከባንድ ጋር ሊጫወት ከሆነ ይበቃዋል። ቁልፎቹ ግን ተጭነው የሚመለሱት በቀላል ሞላ ስለሆነ ጣት አይፈትኑም።

ዲጂታል ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52 ነጭና 36 ጥቁር። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጋር መዶሻ መሰል ክብደት ተያይዟል። ይህን አሠራር ሻጮች ሀመር አክሽን ይሉታል። በካርቶኑ ላይ ይህ ካልተጻፈ፣ ቁልፉ 88 ቢሆንም ረጅም ኪቦርድ ነው ብለው ያስቡ።

ቁልፉ እንዴት ይሠራል?

በእውነተኛ ፒያኖ ቁልፉን ሲጫኑ ውስጥ ያለው መዶሻ ተስፈንጥሮ ክሩን ይመታል። ቁልፉ የሚወርደው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለማውረድም 50 ግራም ገደማ ክብደት ያስፈልጋል። የወፍራሞቹ ድምፆች መዶሻ ትልቅ ስለሆነ በግራ በኩል ያሉት ቁልፎች ከበድ፣ በቀኝ ያሉት ቀለል ይላሉ። ጥሩ ዲጂታል ይህንንም ያስመስላል።

ዲጂታሉ ክር የለውም። ክብደቱ ለጣት ስሜት ብቻ የገባ ነው። ድምፁን የሚያዘው ሴንሰር ነው፤ ይህም የቁልፉን መውረድ የሚለይ ትንሽ መሣሪያ ነው። ቁልፉ ሲወርድ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ሴንሰር ያስነሳል። መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ይለካል። ጊዜው ካጠረ ጣትዎ በኃይል ወርዷል ማለት ነው፤ ድምፁ ይጎላል። ከረዘመ ይለሰልሳል።

አንዳንዶቹ ሦስተኛ ሴንሰር አላቸው፤ ለምሳሌ ሮላንድ ኤፍፒ-10። ጥቅሙ፣ ቁልፉ እስከ ላይ ሳይመለስ ደግመው ቢመቱት ድምፅ መስጠቱ ነው።

ይህ ለኛ ዜማ ምን ያደርጋል?

ብዙ ያደርጋል። በ2015 ዓ.ም ኢየሩሳሌም ያረፉትን ፒያኖ ተጫዋች እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ወይም ፒያኖ ተጫዋቹን ግርማ ይፍራሸዋን ያዳምጡ። ከዋናው ኖታ በፊት ለስለስ ብለው ሽው የሚሉ ትንንሽ ኖታዎች አሉ። የዜማው ለዛ እነሱ ላይ ነው። ባለ ሞላ ቁልፍ ላይ ሲሞክሯቸው ወይ ይዋጣሉ፣ ወይ ከዋናው እኩል ይጮኻሉ። ልጁ ትዝታንም ሆነ ባቲን አሳምሮ እንዲጫወት ከፈለጉ፣ ቀስ ብሎ ሲነካ ቀስ ብሎ የሚመልስ ቁልፍ ያስፈልገዋል።

ሱቅ ውስጥ ድምፁን እንዴት ልፈትን?

የራስዎን ሄድፎን ይዘው ይሂዱ። አንዳንዶቹ ወፍራም ጃክ ስለሚቀበሉ መቀየሪያም ይያዙ።

መጀመሪያ ሪቨርብ፣ ማለትም የአዳራሽ ማስተጋባት፣ እንዲጠፋ ይጠይቁ። ማስተጋባት ጉድለት ይሸፍናል።

ቀጥሎ አንዱን መካከለኛ ቁልፍ ከቀስታ እስከ ኃይል እየጨመሩ ደጋግመው ይምቱ። ጥሩው ሲጎላ መልኩም ይለወጣል፤ ቀስ ሲሉት ድፍን፣ ሲያጠብቁት ጥርት ይላል። ደካማው ያንኑ ድምፅ ከፍና ዝቅ ብቻ ያደርገዋል። ምክንያቱም ድምፁ ከእውነተኛ ፒያኖ የተቀዳ ናሙና ነው፤ በተለያየ ኃይል ተመትቶ ካልተቀዳ ልዩነቱ አይመጣም።

ከዚያ ከግራ ጫፍ አንዱን ወፍራም ቁልፍ ተጭነው ይቆዩ። ድምፁ ቀስ እያለ መሞት አለበት። ቶሎ ከተቆረጠ ወይም በየተወሰነ ቅጽበት እየተመላለሰ የሚርገበገብ ከሆነ ቀረጻው አጭር ነው።

በመጨረሻ ፔዳሉን ረግጠው ብዙ ቁልፎችን በተከታታይ ይምቱ። ቀድመው የተመቱት ሳይጠፉ መቆየት አለባቸው። አንድ ላይ ሊሰሙ የሚችሉት ድምፆች ብዛት ፖሊፎኒ ይባላል። ያማሃ ፒ-145 64፣ የሮላንድ ኤፍፒ-10 96፣ ኤፍፒ-30ኤክስ 256 አላቸው። ለጀማሪ 64 ይበቃል፤ ለዚህ ቁጥር ብለው ቁልፉን አይሠዉ።

ስንት ያስወጣኛል?

በአሜሪካ ገበያ ፒ-145 እና ኤፍፒ-10 ከ500 እስከ 600 ዶላር አካባቢ ይሸጣሉ። ኤፍፒ-30ኤክስ ከ700 እስከ 800፣ ካዋይ ኢኤስ120 ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋል። አዲስ አበባ ሲደርስ ማጓጓዣ፣ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ይደመርበታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብሩ ዋጋ ስለሚለዋወጥ የዓምናን ዋጋ ይዘው ገበያ አይውጡ። ማቆሚያ፣ መቀመጫ፣ ሄድፎንና ደህና ፔዳል ለብቻ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ለእነሱም ይያዙ።

ዘመድ ከውጭ ቢያመጣልኝስ?

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው መጠኑ ነው። 88ቱ ቁልፎች ብቻቸውን ከ120 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማሉ። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ሲደመር ለአንድ ሻንጣ ከተለመደው 158 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ኪሎው ባይበልጥም ተጨማሪ ሊያስከፍል ስለሚችል አየር መንገዱን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሁለተኛው አዳፕተሩ ነው። ኢንፑት በሚለው መስመር ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ እኛ ጋ ይሠራል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ 220 ላይ አይሰኩት፤ ይቃጠላል። ቮልቱና አምፔሩ ከፒያኖው ጋር የሚስማማ ሌላ አዳፕተር ይግዙ።

መብራት ሲሄድ፣ ሌሊትስ?

ካሲዮ ሲዲፒ-ኤስ110 እና ፒኤክስ-ኤስ1100 በ6 ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮችም ይሠራሉ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሌሎቹ ግን የግድ መብራት ይፈልጋሉ። መብራት ሲቋረጥ ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ሲመለስ ኃይሉ ሊዘል ይችላል።

ሌሊት በሄድፎን ሲጫወቱ ድምፁ ባይሰማም የቁልፉ መውረድ ዱብ ዱብ እያለ በማቆሚያው በኩል ወደ ታችኛው ፎቅ ይተላለፋል። ከማቆሚያው እግር ሥር ወፍራም ጎማ ወይም ምንጣፍ ያድርጉ።

ያገለገለ ብገዛስ?

ይቻላል። 88ቱንም ቁልፎች በእኩል ኃይል አንድ በአንድ ይጫኑ። አንዱ ከጎረቤቱ ለብቻው ከጮኸ ወይም ዝም ካለ ሴንሰሩ ተጎድቷል ወይም አቧራ ገብቶበታል። ቁልፉ ጎንና ጎን ከተንገዋለለ ወይም ሲወርድ ቀጭ ካለ ውስጡ አልቋል። ከእነዚህ አንዱን ካገኙ ዋጋው ቢረክስም ይለፉት።

ገንዘቡ ከጠበበ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ 88 ባለ መዶሻ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ደህና ፔዳል፣ ከዚያ የማይወዛወዝ ማቆሚያና ሄድፎን። ትልቅ ስፒከር፣ የመቶ መሣሪያ ድምፅና የሚያምር የእንጨት ሣጥን ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።