ደቡብ አፍሪካ ለሚነግደው ልጅ የሚሰጠው ወረቀት

በጠምባሮዋ ሙዱላም ሆነ በዱራሜና በሆሳዕና፣ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ዘመድ የሌለውን ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። በሬና መሬት ሸጦ የላከም አለ፤ ዝንጅብሉን በ2004 ዓ.ም. የገባው አጠውላጊ በሽታ ከጨረሰበት በኋላ ሌላ መተዳደሪያ ያጣም አለ። የሄደው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪ አይሆንም። መጀመሪያ ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክሞ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ በዱቤ ይሸጣል፤ ሲጠነክር ሱቅ ይከፍታል።

እንዲህ ያለውን የግል ሥራ የሚፈቅድለት ወረቀት ምንድን ነው? ወላጆች «ፐርሚት» የሚሉት ብዙ ጊዜ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ለባለሀብት የተዘጋጀው የንግድ ቪዛ ሌላ ነው፤ በመደበኛው ደንብ 5 ሚሊዮን ራንድ መዋዕለ ንዋይና ከሠራተኞቹ 60 በመቶው የአገሩ ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች መሆናቸውን ይጠይቃል። ከጠምባሮ የተነሳ ወጣት ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የስደተኞች ሕግ በኩል ያመለክታል።

አመልካቹ እንደ ሙሲና፣ ፕሪቶሪያና ደርባን ባሉ ከተሞች ካሉት የስደተኞች መቀበያ ቢሮዎች በአንዱ ራሱ ቀርቦ አሻራ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከአገሩ የወጣበትን ምክንያት ይናገራል። የሚሰጠው ፎቶ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት በወራት የተገደበ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይታደሳል። ፖሊስ ሲያስቆመው፣ ቤት ሲከራይ፣ ባንክ ሲሄድ የሚያሳየው ይኸንኑ ነው። ታጥፎ ታጥፎ ማጠፊያው እንዳይቀደድ በላስቲክ ይይዘዋል።

በዚህ ወረቀት ሠርቶ መብላት በነጻ የተገኘ መብት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊምፖፖ ውስጥ ፖሊስ የስደተኞችን ሱቆች እየዘጋ ዕቃቸውን ሲወስድ፣ የሶማሌና የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች አብረው ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸነፉ፤ ግን ይግባኝ አሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2014 ብሉምፎንቴን ያለው ጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የንግድ ፈቃድ አውጥተው መነገድ እንደሚችሉ ፈረደላቸው። የእኛ ልጆች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ያሸነፉት ይህ ክርክር በየቤቱ ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል።

ወረቀቱ የማይሰጠውንም ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። ጥገኝነት የሚሰጠው መሳደድና በደል ለሚያሰጋው ወይም ጦርነት ላፈናቀለው ሰው ነው፤ ድህነት በሕጉ ምክንያት አይሆንም። ደላላ አስጠንቶ የላከው ታሪክ በቃለ መጠይቅ ሲፈርስ ማመልከቻው ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ዓመታት የሚፈጅ ይግባኝ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ሰው ወረቀቱ መሻሩ ነው። አባቱ ያረፈበት ልጅ ለቀብር አይመጣም። ሐዘን ቤት ውስጥ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እሱ ከዚያ ያለቅሳል፣ እናቱ ከዚህ። ባለ ሱቁ ልጅ ለምን አልመጣም ብሎ የሚቀየም ዘመድ ይህን ቢያውቅ ፍርዱ ይለዝብ ነበር።

ወረቀቱ ጋ ከመድረሱ በፊትም መንገዱ ራሱ ሕይወት ይበላል፦ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ቴቴ፣ ሞዛምቢክ ውስጥ በጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል።

አሁን እዚያ ላለው ልጅ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ወረቀቱን በወቅቱ ያላሳደሰ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠር ነበር፤ ታኅሣሥ 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህን ድንጋጌ ሽሮታል። ቀኑ ያለፈበት ልጅ ጥያቄው በዚያ ምክንያት ብቻ አይዘጋም። ማመልከትም ማሳደስም ክፍያ የለውም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ቢሮው ያዘዘው አይደለም። ፕሪቶሪያ፣ ጆሃንስበርግ፣ ደርባንና ሙሲና ቢሮ ያለው ሎየርስ ፎር ሂዩማን ራይትስ ለስደተኞች የሕግ ምክር የሚሰጠው በነጻ ነው።