የመሬት መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በአገራችን የመሬትን ነገር በጽሑፍ መያዝ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በቀድሞ ዘመን ነገሥታት ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመኳንንት የሰጡት ርስትና ጉልት በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፤ የምስክሮቹ ስም ይዘረዘራል፤ ቃሉን የሚያፈርስም በውግዘት ይታሰራል። መጽሐፉ በዕቃ ቤት ተቀምጦ ጠባቂ ስለ ነበረው በማን ፊት እንደ ተጻፈና በማን እጅ እንዳለ የታወቀ ነበር። ዛሬም መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር በሚገባበት ጊዜ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

የገጠር መሬት ይዞታን መዝግቦ ለገበሬው ደብተር መስጠት በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ቀጠለ። በመጀመሪያው ምዝገባ መሬቱ በገመድ እየተለካ ወሰኑ በአዋሳኞቹ ስም ይጻፍ ነበር እንጂ ካርታ አልነበረውም። በሁለተኛው ምዝገባ ግን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የየማሳው ወሰን እየተሰመረና ቍጥር እየተሰጠው በብዙ ወረዳዎች ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። ይህም ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ ስሕተቱ ሁሉ የጠፋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኮምፒዩተር የተሰጠውን ይጠብቃል እንጂ እውነቱን ከሐሰቱ አይለይም፤ እንዲያውም ስሕተቱን በቅጽበት ለሌላው ጽሕፈት ቤት ያደርሰዋል።

ለምሳሌ የስምን ነገር እንመልከት። አንድ ገበሬ በይዞታ ደብተሩ «ኃይሉ»፣ በግብር መዝገብ «ሀይሉ»፣ በሌላ ስፍራ ደግሞ «ሃይሉ» ተብሎ ቢጻፍ ለሚያነብ ሰው ስሙ አንድ ነው፤ ኮምፒዩተር ግን ካልታዘዘ በቀር ፊደልን በመልኩ እንጂ በድምፁ ስለማያውቀው ሦስት ሰዎች አድርጎ ይቈጥራቸዋል። በሰና በሠ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀም እንዲሁ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪ ስለ ፊደል ሲከራከር የሚሥቁበት ሰዎች እዚህ ላይ ይፍረዱ። የልደት ዘመንም አንዱ ጸሐፊ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ አቈጣጠር ቢጽፈው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1284 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ ለያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኃዝ ቍጥር ስለሚሰጥ ችግሩን ያቀልላል፤ ሆኖም ቍጥሩ ከትክክለኛው ባለይዞታ ጋራ መገጠሙን የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የመዝገብ ማርጀት ነው። ባል ይሞታል፤ ልጆች ይካፈላሉ፤ ባልና ሚስት ይፋታሉ። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ጨርሰውት ወደ ወረዳ የሚሄድ አይኖርም፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። ማሳውን የያዘችው መበለቲቱ ስትሆን በመዝገቡ የሚገኘው የሟቹ ስም ነው። የሚስት ስም ከባሏ ስም ጋራ አብሮ እንዲጻፍ መደረጉ ብዙ ሴቶችን ከዚህ ጕዳት አድኗል፤ የልጆቹን ድርሻ ግን አይነግረንም። ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም በሚወሰድበት ጊዜ ካሣው የሚጠየቀው በመዝገቡ ስም ስለሆነ ያረጀ መዝገብ ቤተ ሰቡን ለክርክር ይዳርጋል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ሞትን፣ ውርስንና ፍቺን ከየቀበሌው በየወሩ እያስመጡ እንዲያስጽፉ ይገባል፤ ባለጉዳዩ ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ አይበጅም።

የሚጽፈው ሰው ማንነትም መታወቅ አለበት። ለሦስት ጸሐፊዎች አንድ የምስጢር ቃል የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት ወሰን የተለወጠ እንደ ሆነ ተጠያቂውን ሊያገኝ አይችልም። በኤስቶኒያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ከ2001 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ጀምሮ መዛግብታቸውን ኤክስ ሮድ በሚባል መንገድ ሲያገናኙ፣ ዜጋው የርሱን መዝገብ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ተመለከተው ራሱ ሊያይ ይችላል። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1321 ስለ አንድ ሰው የተሰበሰበ መረጃ ለተሰበሰበበት ጉዳይ እንዲውልና ባለቤቱም ስሕተቱ እንዲታረምለት እንዲጠይቅ ተደንግጓል። እንግዲህ አንድ ነጋዴ ወይም ዘመድ የባለይዞታዎችን ስም ዝርዝር ቢለምን በወዳጅነት አይሰጠውም።

አሮጌው ደብተር ደግሞ ሥራው አበቃ ተብሎ እንዳይጣል። በኮምፒዩተሩና በደብተሩ መካከል ልዩነት በሚገኝበት ጊዜ የአዋሳኞቹ ስም ያለው በዚያ ነውና፣ ከዝናብና ከምስጥ በሚጠበቅ ሣጥን ተቈልፎ፣ ቁልፉም በፊርማ ከሹም ወደ ሹም ይተላለፍ።