ስለ ድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋዎች ውድድርና ስለ ነጋዴው ምርጫ

ለማንኛውም የንግድ ድርጅት ድረ ገጽ ማለት በኢንተርኔት ላይ የቆመ ሱቅ ማለት ነው። በሩ ሌሊትና ቀን ክፍት ነው፤ ዕቃው ተደርድሮ ይታያል፤ ደንበኛውም ከሩቅ አገር ሆኖ ዋጋ ሊጠይቅበት ይችላል። ሱቅ ለማሠራት የተነሣ ነጋዴ ግድግዳው በድንጋይ ይሁን በብሎኬት ከግንበኛው ጋር እንደሚመክር ሁሉ፣ ድረ ገጽ ለማሠራት የተነሣውም ገጹ በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ እንደሚሠራ መወሰን ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ድንጋይንና ብሎኬትን በዓይኑ አይቶ ይለያቸዋል፤ የፕሮግራም ቋንቋዎችን ግን አይቶ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ ሦስት ባለሙያዎች ቀርበው አንዱ ፒኤችፒ፣ ሁለተኛው ጃቫስክሪፕት፣ ሦስተኛው ፓይተን ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው ቢሉት፣ ማንን እንደሚያምን ይቸግረዋል። የሚያስገርመው ግን ሦስቱም እውነት የሚናገሩ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳትና ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገባውን ጉዳዮች ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሱቁ ፊትና መጋዘኑ

የፕሮግራም ቋንቋ ማለት ሰው ለኮምፒዩተር ትእዛዙን የሚጽፍበት፣ የተወሰነ ቃልና ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። በድረ ገጽ ሥራ ትእዛዙ የሚፈጸመው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው። አንደኛው ደንበኛው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ገጹን የሚከፍትበት ብሮውዘር ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰርቨር የሚባለው፣ መዝገብ የሚጠብቀውና ትእዛዝ የሚቀበለው ኮምፒዩተር ነው። የመጀመሪያው እንደ ሱቁ ፊት፣ ሁለተኛው እንደ መጋዘኑና እንደ ሒሳብ ክፍሉ ሊቆጠር ይችላል።

በሱቁ ፊት ውድድር የለም ለማለት ይቻላል፤ ብሮውዘሮች ሁሉ የሚያውቁት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ነውና። በመጋዘኑ በኩል ግን ቋንቋው ለደንበኛው ስለማይታይ፣ ሠሪው የወደደውን ይመርጣል። ውድድሩ የበረታውም በዚሁ በኩል ነው።

የተወዳዳሪዎቹ አመጣጥ

በኢንተርኔት መጀመሪያ ዘመን በሰርቨር በኩል ገኖ የነበረው፣ ላሪ ዎል የተባለው አሜሪካዊ በ1987 ያወጣው ፐርል ነበር። ዛሬ በገበያው በጎላ ስም ከሚጠሩት ብዙዎቹ የታዩት በ1995 ነው። በዚያ ዓመት ራስመስ ለርዶርፍ በኢንተርኔት ያስቀመጠውን የራሱን የሥራ ታሪክ መግለጫ ስንት ሰው እንደጎበኘው ለመቁጠር የሠራውን መሣሪያ ለሕዝብ አወጣ፤ ይህም ኋላ ፒኤችፒ ሆነ። በዚያው ዓመት ብሬንዳን አይክ ለኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን ውስጥ የነደፈው ቋንቋ ጃቫስክሪፕት የሚል ስም ተሰጠው። ሰን ማይክሮሲስተምስ ጃቫን፣ ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶም ሩቢን ለሕዝብ ያቀረቡት በዚሁ ዓመት ነው። ጃቫና ጃቫስክሪፕት ስማቸው ቢቀራረብም ፈጽሞ የተለያዩ ቋንቋዎች መሆናቸውን ነጋዴው ልብ ሊለው ይገባል፤ የአንዱ ዐዋቂ የሌላው ዐዋቂ አይደለምና።

የሆላንዱ ተወላጅ ጊዶ ቫን ሮሰም ያወጣው ፓይተን ከነዚህ በዕድሜ ይበልጣል፤ የወጣው በ1991 ነው። በድረ ገጽ ሥራ የጎላው ግን በ2005 ጃንጎ የተባለው ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ይህም በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት፣ በሎረንስ ከተማ በሚገኝ የጋዜጣ ድርጅት የተሠራ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ ፒኤችፒ አስቀድሞ የተስፋፋበት ምክንያት የቋንቋው ውበት ሳይሆን የዋጋው መርከስ ነው። ቋንቋው በነጻ የሚገኝ ነው፤ የሰርቨር ቦታ በርካሽ የሚያከራዩ ድርጅቶችም አብረው ያቀርቡት ነበር። በ2003 ደግሞ በዚሁ ቋንቋ የተሠራው ዎርድፕረስ ስለ ወጣ፣ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው እንኳ ድረ ገጽ ለማቆም ቻለ። ጃቫስክሪፕት በበኩሉ በ2009 ራያን ዳል ኖድ የተባለውን መሣሪያ ባወጣ ጊዜ ወደ መጋዘኑም ገባ። የሱቁን ፊትና መጋዘኑን በአንድ ቋንቋ ማሠራት በመቻሉ ብዙ ድርጅቶች ወደዚያ አዘነበሉ።

መስፈሪያዎቹ ለምን አይስማሙም?

የቋንቋዎችን ዝና የሚለኩ ልዩ ልዩ መስፈሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱም የሚሰፍረው ነገር የተለየ ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው ድርጅት በየዓመቱ ባለሙያዎችን በምን ቋንቋ እንደሚሠሩ ይጠይቃል። በ2024 ከመለሱት መካከል ከ100ው 62 ያህሉ ጃቫስክሪፕትን፣ 51 ያህሉ ፓይተንን፣ 18 ያህሉ ፒኤችፒን እንደሚጠቀሙ ገልጸዋል። በአንጻሩ የቆሙ ድረ ገጾችን የሚመረምረው ደብልዩ ሦስት ቴክስ፣ የሰርቨር ቋንቋቸው ከታወቀ ድረ ገጾች መካከል ከ100ው ከ70 በላይ የሚሆኑት በፒኤችፒ የሚሠሩ መሆናቸውን ይገልጻል። ቲዮቤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ደግሞ የቋንቋው ስም በኢንተርኔት መፈለጊያዎች ምን ያህል እንደሚገኝ ይቆጥራል፤ በዚህ መስፈሪያ ፓይተን በ2021 ወደ አንደኛነት ወጥቷል። ባለሙያዎች የሥራቸውን ጽሑፍ በሚያኖሩበት በጊትሀብ ዘንድ ፓይተን በ2024 ጃቫስክሪፕትን ሲቀድም፣ በ2025 ደግሞ የጃቫስክሪፕት ተወላጅ የሆነው የማይክሮሶፍት ታይፕስክሪፕት ሁለቱንም ቀድሟል።

እንግዲህ አንዱ ቋንቋ በአንድ መስፈሪያ 18፣ በሌላው ከ70 በላይ ሲሆን፣ ላይ ላዩን ለተመለከተ አንደኛው የተሳሳተ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ አገር የትኛው የጭነት መኪና እንደሚበዛ ለማወቅ አንዱ ሰው በመንገድ ላይ ቆሞ የሚያልፉትን ቢቆጥር፣ ሌላው ደግሞ አስመጪው ዘንድ ሄዶ በዚህ ዓመት የታዘዙትን ቢቆጥር፣ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። በመንገድ ላይ ያለው ከዓመታት በፊት የተገዛው ሁሉ ነው። በፒኤችፒ የተሠሩት ገጾችም በብዙ ዓመታት የተጠራቀሙ ናቸው፤ አንድ ሰውም በዎርድፕረስ ብዙ ገጾችን ሊያቆም ይችላል። ስለ ፓይተን ዝናም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል፤ የዚህ ቋንቋ ስም በእጅጉ የተነሣው በመረጃ ትንተናና ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ሥራ ነው እንጂ በድረ ገጽ ሥራ ብቻ አይደለም።

ከታላላቆቹ የሚገኝ ትምህርት

ፌስቡክ በ2004 የተጀመረው በፒኤችፒ ነው። ጎብኚው እየበዛ ሲሄድ ኩባንያው ያለውን አፍርሶ በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ፣ ከፒኤችፒ የተወለደ ሃክ የተባለ የራሱን ቋንቋ በ2014 አወጣ። ትዊተር በ2006 በሩቢ ተጀምሮ፣ ጭነቱ ሲበረታ ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች ወደ ስካላና ወደ ጃቫ አዛውሯል። ሾፒፋይ ግን በዚያው በሩቢ ላይ ጸንቶ፣ በብዙ አገሮች ላሉ ነጋዴዎች የኢንተርኔት ሱቅ ማቆሚያ ሆኗል። ከነዚህ የምንረዳው፣ ቋንቋውን የሚጥለውም የሚያነሣውም በዝና ሰንጠረዥ ላይ ያለው ተራ ሳይሆን ሠሪዎቹ መሆናቸውን ነው።

ይሁን እንጂ ዝና ከቶ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በአንድ ወቅት በተንቀሳቃሽ ሥዕልና በጨዋታ የገነነው ፍላሽ፣ ባለቤቱ አዶቢ በ2017 እንደሚያቋርጠው አስታውቆ፣ በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቁሟል። ገጻቸውን በፍላሽ ብቻ ያሠሩ ሁሉ ሱቃቸው እንደ ተዘጋ ተቈጠረ። ባለቤትነቱ በአንድ ኩባንያ እጅ ብቻ ያለ መሣሪያ ይህን የመሰለ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

የፊደላችን ጉዳይ

ለአገራችን ነጋዴ አንድ ተጨማሪ መመርመሪያ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። በኢንተርኔት በተለመደው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ቦታ ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ቦታ ይይዛል። ፓይተንና ጃቫስክሪፕት «ሰላም» የሚለውን ቃል 3 ፊደል ብለው ይቆጥሩታል፤ የፒኤችፒ የተለመደው መቁጠሪያ ግን 9 ይለዋል። ስለዚህ ባለሙያው ካልተጠነቀቀ፣ ለዕቃ ስም 60 ፊደል የተመደበለት ሣጥን በአማርኛ 20 ፊደል ብቻ ይቀበላል፤ ወይም ጽሑፉ በፊደል መካከል ተቈርጦ የማይነበብ ምልክት ይወጣል። ፒኤችፒ ለዚሁ የተዘጋጀ ሌላ መቁጠሪያ ስላለው ጉድለቱ የሚታረም ነው፤ ሆኖም ማረሙ የባለሙያውን ዕውቀት ይጠይቃል። ነጋዴው ሥራውን ከመረከቡ በፊት ረጅም የአማርኛ ስምና አድራሻ አስገብቶ ቢፈትን ይህ ወዲያው ይገለጥለታል።

ነጋዴው ምን ይጠይቅ?

አንደኛ፣ ገጹን የሠራው ሰው ሥራ ቢለቅ ወይም አገር ቢለውጥ በቅርብ የሚተካው ባለሙያ ይገኛል ወይ? የቋንቋ ዝና ለነጋዴው እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው በዚህ ነው። በዓለም አንደኛ የተባለ ቋንቋ በከተማው ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፣ ለዚያ ነጋዴ የታወቀ ቋንቋ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሚሠራበት የቋንቋው እትም እስከ መቼ ድጋፍ ያገኛል? የፒኤችፒ 5ኛው እትም ድጋፍ በ2018 መጨረሻ፣ የፓይተን 2ኛው እትም ድጋፍ በ2020 መጀመሪያ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የሚገኝ የጸጥታ ጉድለት አይጠገንም፤ ሌባም የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ዎርድፕረስን የመሰለ የተስፋፋ መሣሪያ የብዙ አጥቂዎች ዒላማ ስለሆነ፣ በየጊዜው መታደስ አለበት። የእድሳቱ ዋጋም አስቀድሞ በውሉ ሊገባ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሥራው ጽሑፍ፣ የድረ ገጹ ስምና የሰርቨሩ መግቢያ ቁልፍ ቃል በማን እጅ ይሆናሉ? እነዚህ በባለሙያው ስም ብቻ ከተመዘገቡ፣ ቋንቋው የፈለገውን ያህል ቢታወቅ ነጋዴው የሱቁ ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። በውሉ ላይ የድርጅቱ ንብረት መሆናቸው በግልጽ ይጻፍ።

አራተኛ፣ አሁን የቆመውን ገጽ በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ አሠሩ የሚል ምክር ሲቀርብ፣ ምን ጉድለት እንደሚወገድ ይመርመር። መልሱ ቋንቋው አርጅቷል ብቻ ከሆነ በቂ ምክንያት አይደለም፤ ደንበኛው የሚያየው የገጹን ፍጥነት፣ የዋጋውን ትክክለኛነትና ትእዛዙ መድረሱን ነውና።

የቋንቋዎቹ ውድድር የሚቋረጥ አይመስልም፤ የዛሬው ቀዳሚም ነገ ሊከተል ይችላል። ነጋዴው ግን በየዓመቱ ከአሸናፊው ጋር መሮጥ አያሻውም። የሚጠግነው ሰው የሚገኝለትን፣ በስሙ የተመዘገበውንና የደንበኞቹን ፊደል በትክክል የሚያነበውን ገጽ ከያዘ፣ ገንዘቡን በሚገባው ላይ አውሎታል።