ሻማን በቤት ውስጥ በጥንቃቄ ስለ ማብራት
በነጭ ዓባይ ዳር ያለችው ጁባ ከሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የነፃ መንግሥት ዋና ከተማ ብትሆንም፣ ኤሌክትሪክ ያልገባባቸው ቤቶች ገና ብዙ ናቸው። ስለዚህም ሲመሽ ሻማ የሚያበሩ፣ ከነዚህም መካከል በንግድ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ጥቂቶች አይደሉም።

በሱቅ የሚሸጠው ነጭ ሻማ አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ፓራፊን ነው። ከአኩሪ አተር ዘይት የሚሠራው ግን ከአዝመራ የሚገኝና በዝግታ የሚነድ ከመሆኑም በላይ፣ ጨርቅ ላይ ቢፈስ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይለቃል። ይሁን እንጂ እንደ ጧፋችን ሰም ጽኑ አይደለም። የንብ ሰም ለመቅለጥ 62 ዲግሪ ያህል ሲፈልግ፣ ለእርሱ 50 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የጁባ የመጋቢት ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለሰልሰዋልና በወፍራም ብርጭቆ ውስጥ የተሠራውን መምረጥ ይገባል።

ይህ ሻማ ፈጽሞ አይጨስም የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ እኔ አላምናቸውም። ክሩ ከረዘመና ነፋስ ካወዛወዘው ማናቸውም ሻማ ያጨሳል። ከመለኮሱ በፊት ክሩን ወደ 6 ሚሊሜትር ማሳጠር ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን አጎበር ነው። ወባ ስለሚበዛ ሕፃናት በአጎበር ውስጥ ይተኛሉ፤ እናትም ልጇ ጨለማ እንዳይፈራ ሻማውን ከራስጌው ታኖራለች። ነፋስ አጎበሩን አንድ ጊዜ ወደ ነበልባሉ ቢገፋው፣ ቀጭኑ ክር እየቀለጠ በሕፃኑ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቤቱ የሣር ክዳን ጎጆ ከሆነም እሳቱ ወዲያው ጣሪያውን ይይዛል። ሻማ ከሚቀጣጠል ነገር ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ ይባላል፤ ለአጎበር ግን የክፍሉ ማዶ እንኳ አይበዛም። ለሕፃኑ መኝታ በፀሐይ ኃይል የምትሞላ ትንሽ ፋኖስ ትብራለት፤ እናትም ሻማውን ሳታጠፋ ጋደም አትበል።