ሙያና የምስክር ወረቀቱ

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ አስረጂ ድርሰት ነው። የአስረጂ ድርሰት ተግባር አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና በምን ምክንያት እንደ ተለወጠ ለአንባቢ ግልጽ ማድረግ ነው። ስታነቡ «ተምሯል» እና «ይችላል» በሚሉት ሁለት ግሦች መካከል የተደረገውን ንጽጽር በጥሞና ተከታተሉ።

ምንባብ

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ባለሙያ ሥራውን ሠርቶ ያሳያል እንጂ አስቀድሞ አይፎክርም ለማለት ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው የሌላውን ልብ ከፍቶ ማየት አይችልም። የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የመኪናውን ፍሬን ለማያውቀው ወጣት አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት ስለ ወጣቱ ችሎታ የሚነግረው ምስክር ይፈልጋል። የምስክር ወረቀት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ምስክር ግን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ «ይህ ሰው ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ሲመላለስ አይቻለሁ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይህ ሰው ሥራውን በፊቴ ሲሠራ፣ የሠራውም ትክክል ሆኖ አይቻለሁ» ይላል። የመጀመሪያው ስለ ጊዜ፣ ሁለተኛው ስለ ችሎታ ይመሰክራል። ባለፉት አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ የሙያ ሥልጠና የመግቢያ ደረጃዎችና የምስክር ወረቀቶች ላይ የታየው ዋነኛ ለውጥ ከመጀመሪያው ምስክርነት ወደ ሁለተኛው ለመሸጋገር የተደረገ ጥረት ነው።

የለውጡን ክብደት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በቀድሞ ዘመን የእጅ ሙያ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንጂ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት አልነበረም። ከዚህም በላይ ሕዝቡ ያለ ብረት ቀጥቃጩ፣ ያለ ቆዳ ፋቂው፣ ያለ ሸማኔውና ያለ ሸክላ ሠሪዋ ሥራ መኖር የማይችል ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ ሰዎች በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል።

ሙያ በዘመናዊ ትምህርት ቤት በሰፊው መሰጠት የጀመረው ከጣልያን ወረራ ማብቃት በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ይህም ተግባረ እድ በሚለው ስሙ የታወቀው ነው። ስሙ ግእዝ ሲሆን የእጅ ሥራ ማለት ነው። በ1935 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋቋሙ። እንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት ተማሪ ጥቂት ስለ ነበረ፣ የምስክር ወረቀታቸው ክብደት የሚመነጨው በአብዛኛው ከትምህርት ቤቱ ስም ነበር።

በሚያዝያ ወር 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን አሠራር ለወጠው። በፖሊሲው መሠረት አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ10ኛ ክፍል እንዲያበቃ፣ ከዚያም ከፊሉ ተማሪ ወደ መሰናዶ፣ ከፊሉ ወደ ሙያ ሥልጠና እንዲሄድ ተደረገ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ «10+1»፣ «10+2» እና «10+3» የሚባሉ የሥልጠና መርሐ ግብሮች በብዙ ከተሞች ተስፋፉ። አሠያየሙ ቀላል ነው፤ 10 የተጠናቀቀውን ክፍል፣ ተከታዩ ቁጥር የሥልጠናውን ዓመት ያመለክታል። በዚህ መንገድ የሙያ ሥልጠና የጥቂቶች ዕድል መሆኑ ቀርቶ በብዙ ወጣቶች ደጅ ደረሰ።

ነገር ግን የእነዚህን ቁጥሮች ትርጕም በጥንቃቄ እንመርምር። «10+2» የሚለው ምልክት የሚነግረን ሠልጣኙ ሁለት ዓመት መማሩን ብቻ ነው። አንዱ ሠልጣኝ በሁለቱ ዓመታት በየሳምንቱ የብየዳ መሣሪያ ይዞ ሲሠራ ቆይቶ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ መሣሪያ በማጣት የብየዳን ሥዕል ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተሩ ሲገለብጥ ከርሞ ይሆናል። የሁለቱም ወረቀት ግን አንድ ነው። በአንጻሩ ከልጅነቱ ጀምሮ በጋራዥ ያደገና ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ወጣት ምንም ወረቀት የለውም። እንግዲህ ወረቀቱ «ተምሯል» ይል ነበር እንጂ «ይችላል» አይልም ነበር።

ይህን ጉድለት ለማረም በ2000 ዓ.ም. አዲስ ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ወጣ። ስትራቴጂው የሥልጠናውን ዓመት ከመቍጠር ይልቅ የሥልጠናውን ውጤት መመዘን ይሻላል የሚል መነሻ ነበረው። ስለዚህ የዓመታቱ ቁጥር ቀርቶ ከ1 እስከ 5 የሚደርሱ ደረጃዎች ተተኩ። ደረጃ 1 ለጀማሪ ነው፤ ቀላልና ተደጋጋሚ ሥራዎችን በቅርብ ክትትል ሥር የሚያከናውን ሰው የሚገኝበት ነው። ደረጃው ከፍ እያለ ሲሄድ የሥራው ውስብስብነት፣ በራስ መወሰንና ኀላፊነትም ከፍ ይላል። በደረጃ 5 የሚገኝ ባለሙያ ሥራን ያቅዳል፣ ሌሎችንም ይመራል።

ደረጃዎቹ የሚመሠረቱት «የሙያ ደረጃ» በሚባል ሰነድ ላይ ሲሆን፣ ሰነዱ እያንዳንዱን ሙያ በትናንሽ የብቃት አሃዶች ይከፋፍለዋል። የኤሌክትሪክ ተከላን በምሳሌነት እንውሰድ። አንዲት ሠልጣኝ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ እንድትገጥም ብትታዘዝ በመጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ኀይል ከቈጣሪው በኩል ታቋርጣለች። ቀጥላም በመስመሩ ውስጥ ኀይል አለመኖሩን በመፈተሻ ታረጋግጣለች። ከዚያ በኋላ ሽቦዎቹን በቀለማቸው ለይታ ትገጥማለች፣ ታጠብቃለች፤ በመጨረሻም ኀይሉን መልሳ ሥራዋን ትሞክራለች። መብራቱ ስለ በራ ብቻ ሥራው ተጠናቀቀ አይባልም። ኀይሉን ሳታቋርጥ ሽቦ ብትነካ ኖሮ መብራቱ ቢበራም ሕይወቷን ለአደጋ ባጋለጠች ነበር። ስለዚህ መዛኙ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ውጤቱ የተገኘበትንም መንገድ ነው።

የምዘናው ውጤት የሚገለጽበት አነጋገርም ሊስተዋል ይገባል። በተለመደው ፈተና ተማሪ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ይባላል። በብቃት ምዘና ግን ተመዛኙ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። «ገና» የምትለው ትንሽ ቃል እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ አላት። «ወድቋል» የሚለው ነገሩን ሲዘጋ፣ «ገና» የሚለው ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ሠልጣኙ ጉድለቱን አውቆ፣ ያንኑ ክፍል ተለማምዶ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ከዚህም ሌላ አሠልጣኝና መዛኝ እንዲለያዩ ተደረገ። ሥልጠናውን የሰጠው ተቋም ራሱ ምስክር ቢሆን ስለ ገዛ ልጁ እንደሚመሰክር አባት ይሆናል። ስለዚህ የብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ከማሠልጠኛው ውጭ በተቋቋመ የምዘና አካል ሆነ። ምዘናው ከማሠልጠኛው ሲነጠል ደግሞ ለሌላ ወገን በር ተከፈተ። ከላይ የተጠቀሰው በጋራዥ ያደገ ወጣት፣ የት እንደ ተማረ ሳይጠየቅ፣ የሚችለውን አሳይቶ እንደ ማንኛውም ሠልጣኝ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ የሚችልበት ሥርዓት ተዘረጋ። ወረቀት ስላልነበረው የረዳት ደመወዝ እየተከፈለው የባለሙያ ሥራ ሲሠራ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመግቢያ ደረጃ መነሻ እንጂ መድረሻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ማስረጃ እናክል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩ ተመደቡ። በኋላ ላይ ብዙዎቹ ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ወደ ደረጃ 4 ከፍ ብለዋል። የአንድ ዓመት ሥልጠና ከላይ የሚቀጥል መሰላል ከሌለው ወጣቷን ባለችበት ያስቀራታል፤ መሰላል ካለው ግን የመጀመሪያው እርከን ይሆንላታል።

የመግቢያው በርም ቦታውን ለውጧል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ስለ ቀረ፣ ወደ መደበኛው የሙያ ሥልጠና የሚያስገባው ዋና በር ወደ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ተሸጋገረ። ሥልጠናውን የመምራት ሥራ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ለተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 አራት እንኳ አልሞሉም። ይህ ውጤት የዩኒቨርሲቲ በር ሲጠብ ሌላ የተከፈተ በር መኖሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለሁሉም ግልጽ አደረገ።

ሆኖም ለውጡ ያለ ችግር የተከናወነ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥልጠናቸውን ጨርሰው ምዘናውን ያላለፉ ብዙዎች ነበሩ፤ ይህም የሆነው ሠልጣኞቹ በመስነፋቸው ብቻ ሳይሆን መሣሪያና ጥሬ ዕቃ በበቂ ባለመኖሩ ጭምር ነው። ሥልጠናው 70 ከመቶ ተግባር፣ 30 ከመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን፣ ተግባሩም በሥራ ቦታ እንዲሰጥ ቢታሰብም ሠልጣኝ ለመቀበል የሚፈቅድ ድርጅት ማግኘት ያስቸግራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን አሮጌው አስተሳሰብ ነው። ሙያ የሚመረጥ ሳይሆን ሌላው ሁሉ ሲቀር የሚገቡበት ነው የሚሉ ወላጆች ዛሬም አሉ። በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ የተከለከለው ስድብ ከአፍ ቢጠፋም ከሐሳብ ፈጽሞ አልጠፋም ማለት ነው።

በጠቅላላው ስናየው የዓመታቱ ቁጥር ወደ ደረጃ መለወጡ የስያሜ ለውጥ ብቻ ይመስላል። እንዲያውም ማሠልጠኛው መሣሪያ ከሌለው፣ መዛኙም እያየ እንዳላየ ካለፈ ከስያሜ ለውጥ አይበልጥም። መሣሪያው ተሟልቶ፣ ምዘናው በእውነት ሲፈጸም ግን ወረቀቱ ሐሰት የማይናገር ምስክር ይሆናል። ያን ጊዜ ቀጣሪው ቤቱን ያለ ሥጋት ይሰጣል፤ ወጣቷም ማንንም ሳትለማመጥ «እችላለሁ» ትላለች።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. «10+2» የሚለው ምልክት ምን ይነግረናል? የማይነግረንስ ምንድን ነው?
2. መብራቱ መብራቱ ብቻ የሠልጣኟን ብቃት የማያረጋግጠው ለምንድን ነው?
3. አሠልጣኝና መዛኝ እንዲለያዩ የተደረገበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
4. ጸሐፊው ለውጡ የስያሜ ብቻ ሊሆን የሚችለው መቼ ነው ይላል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት ፍቺ ከምንባቡ ተረድታችሁ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
መዛኝ፣ አሃድ፣ እርከን፣ ንድፈ ሐሳብ፣ ገርበብ

ሐ. «ገና» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ከአሉታዊ ግሥ ጋር ይነገራል። ምሳሌ፦ «ሠልጣኟ ገና አልበቃችም።» በዚህ አኳኋን አምስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከዚያም «ገና»ን አውጥታችሁ አንብቡና የትርጕሙን ልዩነት አስረዱ።

መ. በአካባቢያችሁ ከሚሠሩት ሙያዎች አንዱን ምረጡ። ከሙያውም አንድ ትንሽ ሥራ ወስዳችሁ፣ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ያለውን ቅደም ተከተል የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ድርሰታችሁ፣ ሙያውን የማያውቅ አንባቢ ሥራው በትክክል መሠራቱንና አለመሠራቱን ለመለየት እንዲችል የሚያደርግ ይሁን።